ወተቱ ሲረክስ መኖው ለምን አይረክስም? ላሞቹስ ይሸጡ?

ጥያቄ፦ «ሰሜን ሸዋ፣ ጫጫ አካባቢ አምስት ዲቃላ ላሞችና አንዲት የስድስት ወር እርጉዝ ጊደር አሉኝ። አራቱ ላሞች ይታለባሉ፤ በቀን 30 ሊትር ያህል ለማሰባሰቢያ ጣቢያ አስረክባለሁ። ገበያው ቀዝቅዟል ተብሎ ሊትሩ ከ60 ብር ወደ 52 ወረደብኝ። በየ15 ቀኑ ይከፈለኝ የነበረው ገንዘብም አሁን 40 ቀን ይቆያል። የተቀላቀለ መኖ ግን በኪሎ ከ34 ብር ወደ 41 ገብቷል። በቀን 15 ኪሎ እጠቀማለሁ፤ ጭድና ድርቆሹ ደግሞ 400 ብር ያህል ይወስድብኛል። ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ነገር መርከስ አልነበረበትም? የመንደራችን ሰው ሁሉ እጅ አጥሮታል፤ ላሞቹን የሚሸጠው በዝቷል። እኔስ ልሽጥ ወይስ ልታገስ? ጊደሯን ሊገዛ የመጣ ነጋዴ አለ።»

ምላሽ፦

ቁጥሩን ከነዝርዝሩ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። አብዛኛው ጠያቂ «ከሰርኩ» ብሎ ያቆማል፤ ከምኑ ላይ እንደከሰረ አይነግረኝም። እርስዎ የሚያስፈልገኝን ሰጥተውኛልና ከዚያው ልጀምር።

አምና 30 ሊትር በ60 ብር ሲያስረክቡ በቀን 1,800 ብር ያገኙ ነበር። ለመኖው 510፣ ለጭድና ድርቆሹ 400 ብር ሲወጣ 890 ብር ይተርፍዎታል። ዛሬ ያው 30 ሊትር 1,560 ብር ያወጣል፤ መኖው 615 ሆኗል። ጭዱ በነበረበት ቆሟል ብንል እንኳ የሚተርፈው 545 ብር ነው። እንግዲህ ይመልከቱ፦ ወተቱ የወረደው በ13 በመቶ ነው፤ እጅዎ ላይ የሚቀረው ገንዘብ ግን በ39 በመቶ አሽቆልቁሏል። የወተት አርቢ በመጥፎ ዘመን ከሌላው ቀድሞ የሚሰበረው በዚህ የተነሳ ነው። ሽንኩርት ነጋዴ ገበያው ሲቀዘቅዝ ግዢውን ይቀንሳል፤ ሸማኔ መወርወሪያውን ያስቀምጣል። ላም ግን ገበያ ቀዘቀዘ ብላ መብላቷን አታቆምም፤ ነገ ጠዋትም ጡቷን አጋታ ትጠብቅዎታለች።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። «ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ነገር ይረክሳል» የሚለው በመጽሐፍ ላይ ግማሽ እውነት ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ከግማሽም ያነሰ። የኢኮኖሚ ባለሙያ ድቀት ብሎ የሚጠራው፣ በልማድ፣ የአገር ጠቅላላ ምርት ለሁለት ተከታታይ ሩብ ዓመታት ሲቀንስ ነው። በዚህ መለኪያ ኢትዮጵያ ድቀት ውስጥ ነች ማለት አይቻልም፤ የመንግሥት አኃዞች የሚያሳዩት እድገት ነውና። እኛን የሚመታን ሌላ ዓይነት ነው፦ ዋጋ እየናረ የሰው የመግዛት አቅም ይቀንሳል። የዋጋ ንረቱ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የላም መድኃኒት፣ ለመኖ የሚጨመረው ማዕድንና ቫይታሚን፣ ወተቱን የሚጭነው መኪና ጎማና ነዳጅ፣ ሁሉም የዶላር ልጆች ናቸው። ደመወዙ ያልጨመረለት የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ከገበታው ላይ መቀነስ የሚጀምረው ከጤፉ አይደለም፤ ከወተቱ ነው።

ይህን በዓይን ማየት ለሚፈልግ ካፌ መቀመጥ ይበቃል። ከሸዋ ወደ አዲስ አበባ ከሚገባው ወተት ቀላል የማይባለው የሚጠጣው በማኪያቶ ነው። ማኪያቶው ሲወደድ ደንበኛው ቡና መጠጣቱን አይተውም፤ መንገድ ዳር ከተቀመጠችው ልጅ የጀበና ቡና ይጠጣል። ጀበና ውስጥ ወተት የለም። ቡናው እንደተጠጣ ነው፤ ከመካከል የወጣው የእርስዎ ወተት ብቻ ነው። ልጅ ያለው ቤትም በየቀኑ ይወስደው የነበረውን ግማሽ ሊትር በሳምንት ሁለት ቀን ያደርገዋል። እነዚህ ትንንሽ ውሳኔዎች ተደማምረው ፋብሪካው ዘንድ ይደርሳሉ፤ ፋብሪካው ለማሰባሰቢያው ይነግራል፤ ማሰባሰቢያው ለእርስዎ።

መኖውስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ያለው። የእርስዎ ላሞች የሚበሉት ከሌላ ሰው ማዕድ የተረፈውን ነው። ፉርሽካ የዱቄት ፋብሪካ ትራፊ ነው። ፋጉሎ ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ነው። የቢራ ፋብሪካ የብቅል አተላ ቢራ ካልተጠመቀ አይኖርም። ሰው ዳቦና ፓስታ ሲቀንስ ወፍጮው በግማሽ ጉልበቱ ይሠራል፤ ፉርሽካውም በግማሽ ይሆናል። ከውጭ የመጣ የፓልም ዘይት ገበያውን ሲይዝ፣ ወይም ኑጉ እንዳለ ወደ ውጭ ሲላክ፣ ዘይት መጭመቂያው ይቆማል፤ ፋጉሎውም አብሮ ይጠፋል። የቢራ ጠጪው ኪስ ሲሳሳ አተላው ይቀንሳል። ስለዚህ ያው አንድ መቀዝቀዝ ወተትዎን የሚገዛውን ሰው ያሳጣዎታል፣ ላሞችዎን የሚመግበውንም ትራፊ ያሳጣዎታል። ሁለቱ ዋጋዎች በተቃራኒ መሄዳቸው የነጋዴ ተንኮል ብቻ አይደለም። ተንኮልም አለበት፤ ፉርሽካ በመጋዘን የሚከምር ነጋዴ አላየሁም ብል ውሸታም እሆናለሁ። ሥሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል።

በሌላው ዓለምም የሆነውን ልንገርዎ፤ ከእርስዎ ችግር ጋር የሚያያዝ ቁም ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲፈነዳ የወተት ዱቄት ዋጋ ወደቀ። በ2007 በቶን ወደ 5,000 ዶላር ተጠግቶ የነበረው ባለሙሉ ቅባት የወተት ዱቄት፣ በ2009 አጋማሽ ከ2,000 በታች ወረደ። በአሜሪካ ገበሬው ለ100 ፓውንድ ወተት፣ ማለትም ለ45 ኪሎ ያህል፣ በ2008 በአማካይ ከ18 ዶላር በላይ ያገኝ ነበር፤ በ2009 አጋማሽ ወደ 11 ዶላር ገደማ ወረደበት። ላሞቹ የሚበሉት በቆሎ ግን ከቀደሙት ዓመታት ጋር ሲነጻጸር ውድ እንደሆነ ቆየ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 የቤልጂየም ገበሬዎች ሲኔይ በምትባል ከተማ አጠገብ 3 ሚሊዮን ሊትር ወተት በቦቴ እየጎተቱ ማሳ ላይ ደፉት። ጾሙን ወተት ሳይሸጥ ለሚያሳልፈው የእኛ ገበሬ ይህ ግፍ ይመስለዋል፤ ለእነሱ ግን የቀረው ድምፅ እሱ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት 280 ሚሊዮን ዩሮ መደበ። የአሜሪካ ገበሬዎች ማኅበራት ደግሞ ከራሳቸው መዋጮ እየከፈሉ በዚያ ዓመት 200 ሺህ ያህል ላሞች ወደ ቄራ ላኩ።

የሚገርመው ዋጋው ሲወርድ እያንዳንዱ ገበሬ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ነው፦ ብዙ ወተት ማለብ። የሊትሩ ትርፍ ሲያንስ ጉድለቱን በሊትር ብዛት ልሙላ ይላል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ይላል፤ ገበያው ይጥለቀለቃል፤ ዋጋው የባሰ ይወርዳል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደክመውና ላሙን ያወጣል፤ ያን ጊዜ የላም ዋጋ ይረክሳል። በ2011 የአሜሪካ የወተት ዋጋ ተመልሶ ከ20 ዶላር ሲያልፍ ላም የነበረው ተጠቀመ፤ በ2009 የሸጠው አልተጠቀመም። ላም ደግሞ ዋጋ ተመለሰ ተብሎ ከሱቅ አይወሰድም። ዲቃላ ጥጃ ተወልዳ፣ አድጋ፣ ተዳቅላ፣ ወልዳ ወተት እስክትሰጥ በገበሬ ቤት ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። እርግዝናው ብቻ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ነው። ስለዚህ መጥፎው ዘመን ወተት አርቢውን ቀድሞ ይሰብረዋል፣ የሚለቀው ግን ከሌላው ዘግይቶ ነው፤ ሌላው «አለፈ» ሲል ነው የእኛ ጉድለት የሚታየው።

ስለ መንደርዎ የጻፉት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ ለእኔ ግን ከሁሉ በላይ እሷ ከበደችኝ። ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ በዓመት አንዴ ገንዘብ ያመጣሉ። በገጠር በየ15 ቀኑ ጥሬ ብር የሚያመጣ ወተት ነው። ከዚያ ብር ላይ ወተቱን በአህያ የሚያመላልሰው ልጅ ይከፈለዋል፤ ድርቆሽ አጫጁ ይከፈለዋል፤ የመድኃኒት ቤቱ ዱቤ ይዘጋል፤ ዕቁብ ይጣላል፤ ደብተር ይገዛል። ወፍጮ ቤቱና ጸጉር ቆራጩ ሳይቀሩ የወተት ክፍያ ቀን መቼ እንደሆነ ያውቃሉ። ክፍያው ከ15 ቀን ወደ 40 ሲሄድ አንድ ብር በዓመት ውስጥ መንደሩን የሚዞርበት ቁጥር ከግማሽ በታች ይሆናል። ዕቁቡ ይፈርሳል፤ አህያ ነጂው ከተማ ይወርዳል። ከከተማ ደግሞ ግንባታ ሲቆም ሥራ ያጡት ወንድሞቹ እየተመለሱ ነው፤ ማዕዱ ላይ አፍ ይጨምራል። ዓረብ አገር ያለችው ልጅ የምትልከውም የሚወሰነው በዚያ ባለው ሥራ ነው።

የሴቶቹ ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። በደጋው ቤት ወተቱ ማሰባሰቢያ ሲሄድ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ባል እጅ ይገባል፤ ቅቤው፣ አይቡና ኩበቱ ግን የእናትየው ነው። ወተቱ ሁሉ ተጠራቅሞ ለብር ሲሄድ የሚናጥ አይተርፍም፤ የእርሷ የገበያ ቀን ገንዘብ ይነጥፋል። የልጁም ኩባያ አብሮ ይቀንሳል። በአንጻሩ ኩበት በዚህ ጊዜ ይወደዳል፤ ከሰልና መብራት የከበደው ከተሜ ወደ ኩበት ይመለሳልና። ከአንድ ቤት ወተት የጠፋውን ኩበት ሲደጉመው አይቻለሁ። ቀልድ አይደለም፤ ለመኖው ቢያንስ የጨው ዋጋ ይሸፍናል። ያልተበላ መኖ ኩበት አይሆንምና እሱም ወሰን አለው።

አሁን ወደ በረትዎ። «ልሽጥ ወይስ ልታገስ» ብለው ስድስቱንም እንደ አንድ አድርገው ጠየቁኝ። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። እኔም በወጣትነቴ ሠርቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት መኖ የተወደደበት አንድ አርቢ መጥቶ ምን ላድርግ ሲለኝ «ለሁሉም እኩል ቀንስ» አልኩት፤ ፍትሐዊ መስሎኝ። በዚያው ወር ወጪው ወረደ፤ አመሰገነኝ። በዓመቱ ስሄድ ለመውለድ ደርሳ የነበረችው ምርጧ ላም፣ በፊት ከወለደች በኋላ 12 ሊትር ትሰጥ የነበረችው፣ 7 ሊትር ላይ ቆማለች። ሁለቱ ኮርማ ሳይፈልጉ ስምንት ወር አልፏቸዋል። ዳሌያቸው ላይ ያለው አጥንት ኮፍያ ያሰቅላል። ሰውዬው ምንም አላለኝም፤ ቡና አፈላልኝ። ያ ቡና እስከ ዛሬ አልወረደልኝም።

አራቱ ላሞች እኩል ሰባት ሊትር ተኩል እንደማይሰጡ አውቃለሁ። ለአንድ ሳምንት የእያንዳንዷን ጠዋትና ማታ ለየብቻ ይለኩ። ግምቴ ይህ ነው፦ በቅርብ የወለዱ ሁለት አሉ፤ 11 እና 10 ሊትር ይሰጣሉ። መካከል ላይ ያለች አንዷ 6። ከወለደች ዓመት የተጠጋች አንዷ 3። አምስተኛዋ ነጥፋ ለመውለድ እየጠበቀች ነው። 15 ኪሎውን መኖ ደግሞ ለአምስቱ ሦስት ሦስት ኪሎ እያካፈሉ ይሆናል፤ ጊደሯ ከጭድ በቀር አታይም። ልክ ካልሆንኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ከአሥር ቤት ሰባቱ ግን እንዲህ ነው።

በቅርብ የወለደች ዲቃላ ላም በቂ ድርቆሽና ውኃ ካላት፣ ለአንድ ተጨማሪ ኪሎ ጥሩ መኖ አንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ወተት ትመልሳለች። በ52 ብር ሲሰላ በትንሹ 78 ብር ነው፤ ኪሎው የተገዛው በ41 ነው። ወተት ረከሰ ብሎ ከእሷ ላይ መቀነስ ማለት 78 ብር የሚያመጣ 41 ብርን መጣል ነው። ሦስት ሊትር ላይ የደረሰችው ላም ግን ለዚያው ኪሎ ግማሽ ሊትር ብትመልስ ነው፦ 26 ብር። ያው ፉርሽካ አንዷ ዘንድ ትርፍ ነው፤ ሌላዋ ዘንድ ኪሳራ። ስለዚህ 15 ኪሎውን ሳይነኩ ያዙሩት። ለሁለቱ ትኩስ ወላዶች 5 እና 4 ኪሎ ተኩል፣ ለመካከለኛዋ 2 ኪሎ ተኩል፣ ለነጠፈችው እርጉዝ 2፣ ለጊደሯ 1፤ ለባለ ሦስት ሊትሯ ምንም። ለውጡን በአንድ ቀን አያድርጉት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ያሸጋግሩ፤ አለዚያ ሆዳቸው ይታወካል።

የነጠፈችው ላም ወተት ስለማትሰጥ መኖ አትሻም የሚል ልማድ አለ። ይህን ልማድ አጥብቄ እጠላዋለሁ። ጽንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ነው፤ እርሷም ለሚመጣው ወተት የምትሰንቀው ያን ጊዜ ነው። ተርባ የወለደች ላም ከወተቷም ይጎድላል፣ ኮርማ መፈለጓም ይዘገያል። እያንዳንዱ ያመለጠ ዙር 21 ቀን ነው። አራት ዙር ቢያመልጣት ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ ያ ሁሉ ጊዜ እየበላች ነው።

ባለ ሦስት ሊትሯን እንያት። በቀን 156 ብር ታስገባለች። የሦስት ኪሎ መኖ 123፣ ከጭዱ ድርሻዋ 67 ብር ያህል፣ በድምሩ 190 ትበላለች። በየቀኑ 34 ብር እያከሰረችዎ ነው። ማርገዟን በሐኪም ያስመርምሩ። ካረገዘች ያንጥፏትና የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት እስኪደርሱ በድርቆሽ ያቆዩአት። ካላረገዘች፣ በተለይ ሦስት ጊዜ ተዳቅላ ካልያዘች፣ ትሽጥ። ቀኑን ግን ይምረጡ። አሁን ጥር ላይ ነን። ዐቢይ ጾም ከገባ ልኳንዳው 55 ቀን ይዘጋል፤ የሥጋ ላም ዋጋም ይወድቃል። ስለዚህ ለቅበላ ትድረስ። ቅበላ ካመለጠ እስከ ፋሲካ ዋዜማ መጠበቅ ነው፤ የሁለት ወር ጭዷ 4,000 ብር ይጠጋል። የበዓሉ ዋጋ ከዛሬው ከዚህ በላይ የሚበልጥ ከመሰለዎት ይጠብቁ፤ ካልመሰለዎት አይጠብቁ።

ስለ 40 ቀኑ። 30 ሊትር በ52 ብር ለ40 ቀን 62,400 ብር ነው። ያን ያህል ገንዘብ ያለ ወለድ ለማሰባሰቢያው አበድረዋል ማለት ነው፤ በዚያው ጊዜ እርስዎ ፉርሽካ በዱቤ ይወስዳሉ። ነጋዴው በጥሬ ብር 41 የሚለውን በዱቤ 45 ካለዎት፣ በኪሎ 4 ብር በ15 ኪሎ ሲባዛ በቀን 60 ብር፣ ማለትም በሊትር 2 ብር ነው። እንግዲህ በ40 ቀን የሚከፈል 52 ብርና በ15 ቀን የሚከፈል 50 ብር ለእርስዎ እኩል ናቸው። ማሰባሰቢያው ዘንድ ሲሄዱ ዋጋ ጨምሩልኝ ብለው አይከራከሩ፤ እነሱም ገዢ አጥተዋል። ቀኑን አሳጥሩልኝ ይበሉ፤ አንድ ብር እስከ መተው ይደራደሩ። ብቻዎን ሳይሆን ሃያ ሠላሳ ሆነው ይሂዱ። አሥር ሊትሯን ደግሞ ከተማው ውስጥ በጥሬ ብር ለሚገዛ ካፌ ወይም ጎረቤት ቢሰጡ የመኖው ገንዘብ ከዱቤ ይወጣል። ሁሉንም ግን ከማሰባሰቢያው አይንጠቁ፤ ጾም ሲገባ የካፌው ደንበኛ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ የሚቀበልዎ እሱ ነው።

ጾሙ ለእኛ በየዓመቱ የሚመጣ ትንሽ ድቀት ነው፤ ልምምዱ አለን። ትልቁ ድቀት ጾም ላይ ሲደረብ ግን ምን እንደሚመጣ በ2012 ዓ.ም. አይተናል። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን፣ በሁዳዴ መካከል ነበር። አርቢው ፋሲካን ይጠብቅ ነበር፤ ሚያዝያ 11 ቀን ፋሲካ መጣ፤ ሆቴሎቹ ግን ባዶ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የዳነው ቅቤ መናጥ ያልረሳ ቤት ነው። ከዲቃላ ላም ወተት አንድ ኪሎ ቅቤ 24 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ ከአሬራው ደግሞ ሦስት ኪሎ ያህል አይብ ይወጣል። 24 ሊትር በ52 ብር 1,248 ብር ነው። አንድ ኪሎ ቅቤና ሦስት ኪሎ አይብ በእርስዎ ገበያ ከዚህ በላይ ካወጡ፣ ማሰባሰቢያው በማይቀበልበት ቀን ብቻ ሳይሆን በሚቀበልበትም ቀን ጥቂቱን ይናጡት። የነጠረ ቅቤ ፋሲካ ድረስ ይቆያል። የእናትየውም ገንዘብ ይመለሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሰሞኑን ርካሽ ፋጉሎ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ያሽቱት፤ ሻጋታ ካለው ይመልሱት። በሻጋታው ውስጥ ያለው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በላሟ አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል፤ ቢፈላም አይጠፋም። ጥቅምት 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተመረመረው ወተት አብዛኛው ይህ መርዝ እንደተገኘበት፣ ዋናው ምንጭም የኑግ ፋጉሎ እንደሆነ የሚገልጽ ጥናት ሲሰማ ሰው ወተት መግዛት አቆመ። ኪሱ ሳይጎድል፣ ፈርቶ ብቻ። የደኸየ ገዢ ገንዘብ ሲያገኝ ይመለሳል፤ የፈራን ገዢ መመለስ ግን ከባድ ነው።

ጊደሯን ሊገዛ ስለመጣው ነጋዴ። እሱ ሞኝ አይደለም፤ በረቱን ሁሉ አይቶ ጊደሯን መምረጡ ራሱ ዋጋዋን ይነግርዎታል። እርግዝናዋ ስድስት ወር የሞላ ጊደር የሦስት ዓመት ድካም ናት፤ ሊወጣላት የነበረው ወጪ አብዛኛው ወጥቷል፤ የቀረው ሦስት ወር ከአሥር ቀን ነው። በቀን አንድ ኪሎ መኖና የጭድ ድርሻዋ ከ108 ብር አይበልጥም፤ እስክትወልድ ድረስ 10,800 ብር ገደማ። ይህን ገንዘብ ከባለ ሦስት ሊትሯ ሽያጭ ላይ ለይተው ያስቀምጡት፤ ለሌላ አይንኩት። የምትወልደው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው፤ ጾሙ ተፈቶ፣ በልግ ከዘነበም ሣሩ ብቅ ብሎ ይጠብቃታል። ለነጋዴው ባለ ሦስት ሊትሯን ያሳዩት፤ ጊደሯን ወደ ውስጥ ያስገቧት።